የማስታወሻ ኪኒንና የእናቴ ፌስታል

 

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ መናር የጀመርኩትን ሐተታ ዛሬ እንደምቋጭ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኪራዩ እንደሆነ የትም አይሄድብንም፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በራችንን ማንኳኳቱን አይረሳም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መርሳት ነው። ጉዳዩ በቤቴ ገብቷል፤ በብዙዎቻችሁም ቤት እንዳለ ስለማውቅ ሌላው ሁሉ ይቆይ ብያለሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሰባት ዓመት አልፏታል። የምንኖረው እዚሁ ሲያትል ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ከሬኒየር ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 7 ቁጥር አውቶቡስ ሲመላለስ የሚውልበት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የተከፈተው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ያለበት፣ በሙቀቱ ወራት ረቡዕ ረቡዕ ገበሬዎች ምርታቸውን ይዘው የሚወጡበት ሰፈር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አቆጣጠሩን ለምን እንዳነሣሁ ወደ ኋላ ይገባችኋል።)

እናቴ ቋንቋውን ሳትችል ያንን ገበያ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ጎመኑን አገላብጣ ታያለች፤ በእጇ ትመዝናለች፤ ዋጋው ከበዛባት በአማርኛ ትከራከራለች፤ ገበሬውም ምን እንዳለችው ሳይገባው ይቀንስላታል። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት ግን ከዚያው ገበያ ስትመለስ መንገድ ጠፋት። ጥቂት እርምጃ የሚርቀውን ቤቷን አጥታ፣ ጎመኗን ታቅፋ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» ብላት፣ «ደክሞኝ ነው፤ አረፍ ልበል ብዬ ነው» አለችኝ። እውነቱን እንዳልነገረችኝ እኔም አወቅሁ፤ ማወቄን እሷም አወቀች። ሁለታችንም ዝም ብለን ወደ ቤት ሄድን።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቀደም ሲል አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት ሁሉ ተራ በተራ ይመጣብኝ ጀመር። ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበና ውስጥ ከጨመረች በኋላ እንደገና ምጣድ ጥዳ ጥሬ ቡና ማጠብ። አንዱን ወሬ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ማውራት። እኔን በሟቹ አጎቴ ስም መጥራት።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ስም አለው፤ «ጃጀች» እንላለን። ቃሉ ራሱ በር ይዘጋል። ጃጀ የተባለ ሰው ሐኪም ዘንድ አይወሰድም፤ «እርጅና ነው፣ የእግዜር ነው» ተብሎ ጓዳ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ «እማማ ተኝተዋል» ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንደብቅ ግን ማንም አይቀድመን። እኔም ባሕር ማዶ የተማርኩትን ዲግሪ ይዤ፣ አዲስ አበባ ላይ የሠራሁበትን ጋዜጠኝነት ይዤ፣ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የተለየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪኒን ገዛሁ።

ስለ ኪኒኑ የነገሩኝ ከቅዳሴ በኋላ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ ገዝታልኝ እየዋጥኩት ነው፤ አእምሮ ይከፍታል» አሉኝ። ያን ማታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስለ ኪኒኑ ሳነብ አመሸሁ። በማግስቱ ሠላሳ አራት ዶላር ከፍዬ አንድ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። በላዩ ላይ የአንጎል ሥዕል አለበት። ስሙ ኮሊን ይባላል።

ኮሊን ማን ነው?

ኮሊንን ያገኘው አዶልፍ ሽትሬከር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ያገኘው ከሐሞት ውስጥ ሲሆን፣ በ1862 ያወጣለትም ስም የመጣው ሐሞት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። እኛ ወኔ የሌለውን ሰው «ሐሞተ ቢስ» እንላለን፤ የሽትሬከር ንጥረ ነገር ደግሞ ከወኔ ይልቅ ከአእምሮ ጋር ስሙ ተያይዞ ቀረ።

ጉበታችን ኮሊንን በመጠኑ ይሠራል። የሚሠራው ስለማይበቃ ቀሪው ከምግብ መገኘት አለበት። የአሜሪካው ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲሲን በ1998 ባወጣው መመሪያ በቀን ለወንድ 550፣ ለሴት 425 ሚሊ ግራም ይበቃል ብሏል። ሰውነታችን የሕዋሳቱን ግድግዳ የሚገነባው፣ ጉበት ስቡን አስወግዶ የሚያወጣው በእሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አሴቲልኮሊን የሚባለው መልእክተኛ የሚሠራው ከኮሊን ነው። ይህ መልእክተኛ ከነርቭ ወደ ነርቭ፣ ከነርቭም ወደ ጡንቻ ትእዛዝ ያደርሳል። ትኩረትና ማስታወስ ያለ እሱ አይሆኑም።

መልእክተኛውን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች የሚነገር ነውና ላውራችሁ። ኦቶ ሎዊ ይባላል፤ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ፕሮፌሰር ነበር። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት የሙከራ ሐሳብ በሕልሙ መጣለት። ብድግ ብሎ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ጠዋት ቢነሣ ጽሑፉን ራሱ ማንበብ አቃተው፤ ሕልሙም ጠፋበት። የማስታወስን መልእክተኛ ሊያገኝ የተነሣው ሰው ሕልሙን ረሳው ማለት ነው! ደግነቱ በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕልሙ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አልተኛም፤ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሮጠ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ፣ የአንደኛውን ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ ነካክቶ ምቱን አዘገየ፤ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ሁለተኛው ላይ ቢያፈስ ሁለተኛውም ዘገየ። ነርቭ የሚናገረው በኬሚካል መሆኑ ታወቀ። ሙከራው በ1921 ታተመ፤ ሎዊም በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። ሎዊ አይሁዳዊ ነበርና ታሰረ፤ የኖቤል ገንዘቡን አስረክቦ ከአገሩ ወጣ። አውሮፓ ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ በ1940 ኒው ዮርክ ደረሰ። በመግቢያው በር ላይ የያዘውን የሐኪም ወረቀት ሰረቅ አድርጎ ቢያይ ምን ተጽፎ ቢያገኝ ጥሩ ነው? እርጅና የተጫነው፣ ሠርቶ ራሱን ማኖር የማይችል ሰው ተብሏል! ደግ አጋጥሞት አስገቡት። ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ላይ እያስተማረ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። ይህችን ወረቀት አደራ አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ኪኒኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

በ1976 እና በ1977 በብሪታንያ ያሉ ተመራማሪዎች በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ኤንዛይም ክፉኛ መመናመኑን አገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለፓርኪንሰን በሽተኞች የጎደላቸውን ኬሚካል ጥሬ ዕቃ በኪኒን መስጠት ብዙዎችን ከተኙበት አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ ተስፋው ትልቅ ሆነ። ለአልዛይመር በሽተኛም ጥሬ ዕቃውን፣ ማለትም ኮሊንን፣ ወይም ኮሊን ያለበትን ሌሲቲንን ብንሰጥ ማስታወስ ይመለሳል ተባለ። ሙከራዎች በየአገሩ ተደረጉ። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ውጤቱን ሲመዝን የደረሰበት መደምደሚያ አጭር ነው፤ ሌሲቲን የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ለምን? ነገሩን በሸማኔ ቤት አስቡት። ሸማኔው ሞቶ ወይም እጁ ዝሎ ጋቢው ቢቀር፣ በደጁ ላይ ጥጥ ብትቆልሉ ጋቢ አይወጣም። በአልዛይመር የጎደለው ጥጡ አይደለም፤ ሸማኔዎቹ ናቸው። በኋላ የወጡት የሐኪም መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶኔፔዚል፣ ሌላ መንገድ ነው የያዙት። ጥጥ አይጨምሩም፤ የተሠራችው ጥቂት አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳትፈርስ ያደርጋሉ። እነሱም ቢሆኑ ምልክቱን ያቀልሉ እንደሆነ እንጂ በሽታውን አያቆሙትም።

«የድሮው ኮሊን ነው እንጂ አዲሱ ይሠራል» የሚላችሁ አይጠፋም። አዲስ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲቲኮሊን ነው። ኮክሬን በ2005 ሲመዝነው ለአረጋውያን ማስታወስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥቂት ጥቅም የሚመስል ነገር አይቶበታል። በ2012 የታተመው፣ አንጎላቸው በአደጋ የተጎዳ 1,213 ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ግን ሲቲኮሊንን ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲያወዳድር ልዩነት አላገኘበትም። ሁለተኛው አልፋ ጂ.ፒ.ሲ. ነው። በሜክሲኮና በጣሊያን ለአልዛይመር በሽተኞች ተሰጥቶ መሻሻል ታየ የሚሉ ጥናቶች አሉ። በሌላ በኩል በ2021 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ያየ ጥናት፣ ይህን ኪኒን የወሰዱት በአሥር ዓመት ውስጥ ስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ46 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። መዝገብ ማየት መንስኤውን አያረጋግጥም፤ የታመመ ሰው ነው ኪኒኑን የሚፈልገው ሊባል ይችላል። ሆኖም ደም ግፊት ላለባት እናት «ምንም አይል» ብሎ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ ይበቃል።

ከምግብ የሚገኘው ኮሊን ነገር ለየት ይላል። በፍራሚንግሃም ከተማ 1,400 ያህል ሰዎችን ያየ በ2011 የታተመ ጥናት ከምግባቸው ብዙ ኮሊን የሚያገኙት በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ጽፏል። በ2019 የፊንላንድ ወንዶች ላይ የታተመውም ተመሳሳይ ነገር ነው ያየው። ይህም ምልከታ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ደህና የሚበላ ሰው ሌላም ደህና ነገር አለው። ቢሆንም ከሳህን ላይ የተገኘውን መልካም ነገር ለጠርሙሱ ማሞገሻ ማድረግ ትክክል አይሆንም።

ታዲያ ጠርሙሱ ላይ «ለማስታወስ ይረዳል» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉትን ማሟያዎች ከምግብ ወገን ነው የመደባቸው። ከመሸጣቸው በፊት መሥራታቸውን ለመንግሥት ማስመስከር የለባቸውም። በሽታ እንፈውሳለን እስካላሉ ድረስ «እንረዳለን» ማለት ይችላሉ። እኛ ደግሞ «ይረዳል»ን «ይፈውሳል» ብለን ነው የምናነብበው። እኔም እንደዚያው አነበብኩት።

የጥር ወሩ ፈተና

ሦስት ጠርሙስ አለቀ። እናቴ ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ትፈዝ ጀመር። በመጨረሻ በጥር ወር 2025 ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አስተርጓሚዋ በስልክ መስመር ላይ ነበረች። ነርሷ የማስታወስ ፈተናውን ጀመረች።

«ዘመኑ ስንት ነው?»

«2017» አለች እናቴ። ነርሷ ምልክት አደረገች።

«ቀኑስ?»

«ጥር 20። ነገ አስተርእዮ ማርያም አይደለች?» ነርሷ አሁንም ምልክት አደረገች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ 28 ነው የሚለው።

«አሁን ሰዓቱ ስንት ይሆናል?»

«አራት ሰዓት ቢሆን ነው።» የነርሷ ሰዓት አሥር ይላል። ሦስተኛ ምልክት።

እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት አስተርጓሚዋ ቀደመችኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ልክ መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳች። ነርሷ ደነገጠች፤ ይቅርታ ጠይቃ ሦስቱንም ሰረዘች። ይሄኔ ነው የሎዊ ወረቀት ትዝ ያለችኝ። አስተርጓሚ ባይኖር እናቴም እርጅና የተጫናት የምትል ወረቀት ይዛ ትወጣ ነበር፤ በበዓላቱ ሳትስት!

ደስታዬ ግን አልቆየም። ነርሷ ቀደም ብላ ሦስት ቃላት ነግራት ነበር። አሁን ድገሚያቸው ስትባል እናቴ አንዱንም አላገኘችውም። ቃል እንደተነገራትም አላስታወሰችም። ፊቴን አየች፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ይህኛው በየትኛውም አቆጣጠር መርሳት ነው።

ሐኪሙ ደም እንዲቀዳ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የእንቅርት ሆርሞን እንዲታይ፣ ጆሮዋ እንዲመረመር አዘዘ። የእነዚህ መጓደል፣ የመንፈስ ጭንቀትም ጭምር፣ መርሳትን የሚመስል ነገር ያመጣል፤ ከታወቀም ይታከማል። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐኪሙንም የሱቁንም፣ በአንድ ፌስታል ከተህ አምጣ» አለኝ።

በሳምንቱ ፌስታሉን ይዤ ሄድኩ። የተቀበለችኝ የአገራችን ልጅ የሆነች ፋርማሲስት ናት። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። የደም ግፊት ኪኒን፤ ቫይታሚን፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፤ ኮሊኑ። መጨረሻ ላይ ስሙ «ፒ.ኤም.» የሚል ፊደል የተቀጠለበት ትልቅ ጠርሙስ አወጣች።

«ይኼን ማነው የሚሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላላት ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማታ ማታ።»

ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመቻቸው። «ወንድሜ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «በአንድ እጅህ እየሰጠሃቸው በሌላው እየነጠቅሃቸው ነው።»

ወንበር የሚቀማ እንግዳ

በዚያ የእንቅልፍ ኪኒን ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ይባላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የቆየ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለእንቅልፍም ይሸጣል። የሚሠራውን ነገር ለመረዳት ሠርግ ቤትን አስቡ። አሴቲልኮሊን ጥሪ ያለው እንግዳ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበር በነርቩ ላይ ተዘጋጅቶለታል። ዳይፈንሃይድራሚን ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ ይመጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መልእክተኛው ቆሞ ይቀራል፤ መልእክቱም አይደርስም። አፍ የሚደርቀው፣ ሆድ የሚደርቀው፣ ሽንት የሚያስቸግረው፣ ጠዋት የሚያፈዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ወንበሩ ከተያዘ ደግሞ ኮሊን በጆንያ ቢገባ ምን ይፈይዳል?

ይህን ጉዳይ ከዓለም ሁሉ አስቀድመው በሰፊው ካጠኑት መካከል የዚሁ የእኛ ከተማ ሰዎች መሆናቸው ነው የሚቆጨኝ። በ1994 የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲና ግሩፕ ኸልዝ የተባለው የሲያትል የጤና ድርጅት (በ2017 ወደ ካይዘር ፐርማነንቴ የተጠቃለለው) አረጋውያንን በየሁለት ዓመቱ እየመረመረ የሚከታተል ጥናት ጀመሩ። በ2015 በፕሮፌሰር ሼሊ ግሬይ መሪነት የታተመው ውጤት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,434 ሰዎችን በአማካይ ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሏል። እንዲህ ያሉ ወንበር ቀሚ መድኃኒቶችን አብዝተው፣ ለዓመታት የወሰዱት፣ ፈጽሞ ካልወሰዱት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ54 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህም መንስኤውን ያረጋገጠ ሙከራ አይደለም፤ ክትትል ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ሽማግሌዎች እንዲርቋቸው በሚመክረው ዝርዝር ውስጥ ዳይፈንሃይድራሚን ካለ ቆይቷል። እኔ በሦስት መንገድ ርቀት የተጠናውን ነገር ሳላውቅ የአንጎል ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ አምኜ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ስህተት የእኔ ብቻ ነው? አይመስለኝም። አገር ቤት ሳለን ስለ አብሾ ያልሰማ ማን አለ? የአብነት ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ ዜማውና ቅኔው ከአእምሮው እንዳይወጣ ይወስደዋል የሚባልለት ነገር ነው። የሚያውቁ ሰዎች የሚሠራው ከአስተናግር ነው ይላሉ፤ አጠፋሪስም የሚባለው ቅጠል ማለት ነው። አስተናግር ውስጥ ያሉት ስኮፖላሚንና አትሮፒን ግን የታወቁ የአሴቲልኮሊን ወንበር ቀሚዎች ናቸው። በ1974 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች ለጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ቢፈትኗቸው፣ የወጣቶቹ ማስታወስ እንደ ሽማግሌ ሆኖ ተገኝቷል። አስተናግር ስሙ እንደሚለው ያስቀባዥራል፤ የሌለ ነገር ያሳያል፤ ከበዛም ይገድላል። የተማሪው ቅኔ የመጣው ከመምህሩና ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጽል ከማደሩ ነው። እኛ ግን ምስጋናውን ለቅጠሉ ሰጠነው። ዛሬ ደግሞ ለጠርሙሱ እየሰጠነው ነው። አገር ቀየርን እንጂ አብሾ ፍለጋውን አልተውነውም።

ምን ይደረግ?

እናቴ የእንቅልፍ ኪኒኑን በሐኪሟ ምክር ተወች። ቀን ቀን በወንበር ላይ ማሸለቡን ትታ ማታ በሰዓቷ መተኛት ለመደች። በሦስተኛው ሳምንት የጠዋቱ ፍዘት ለቀቃት። ቢ12ም ጎድሎ ተገኝቶ እየተሰጣት ነው። ድና ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አሁንም ትረሳለች። ሐኪሟ ሕመሟን ገና መለስተኛ ነው ብሎታል፤ በየስድስት ወሩ ያያታል። ልዩነቱ፣ አሁን የምንታገለው ከበሽታው ጋር ብቻ ነው፤ ከእኔ ኪኒን ጋር አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከእኔ ተማሩ። ለእናት ለአባታችሁ አዲስ ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ሁሉ በፌስታል ከታችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። የእንቅልፍና የጉንፋን «ፒ.ኤም.» መድኃኒቶችን፣ የቆዩትን የአለርጂ ኪኒኖች፣ ለሽንት የሚሰጠውን ኦክሲቡቲኒንን፣ አሚትሪፕቲሊን የመሰሉትን የድብርት መድኃኒቶች ጠይቁባቸው። ሐኪም ያዘዘውን ግን በራሳችሁ ሥልጣን እንዳታቋርጡ፤ ጠይቁ ነው ያልኩት። አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማግኘት መብታችሁ ነው። ልጅ ለእናቱ አያስተርጉም፤ እኔ ብሆን ኖሮ የረሳቻቸውን ሦስት ቃላት ሹክ ሳልላት አልቀርም ነበር።

ኮሊኑንስ? ከምግብ አግኙት። አንድ እንቁላል ውስጥ 147 ሚሊ ግራም ያህል አለ። ከ85 ግራም የበሬ ጉበት ከ350 ሚሊ ግራም በላይ ይገኛል፤ ዱለት የሚወድ ሰው ሳያውቀው ኮሊኑን ሲጎርስ ኖሯል ማለት ነው። በጾም ወራት አኩሪ አተር፣ ቦሎቄ፣ ድንችና ብሮኮሊ አሉ፤ የተቆላ አኩሪ አተር ግማሽ ኩባያው መቶ ሚሊ ግራም ያልፋል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶች በቀን 450 ሚሊ ግራም ስለሚያስፈልጋችሁ ጾሙንም ኪኒኑንም በተመለከተ ሐኪማችሁን አማክሩ። በኪኒን ከ3,500 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስድ ሰው ደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ሊያልበው፣ ሰውነቱም ዓሣ ዓሣ ሊሸት ይችላል። ዓሣ ሳይበሉ ዓሣ መሽተት ደግሞ ምን የሚሉት ዕዳ ነው?

ከሁሉ በላይ ግን «ጃጀች» የምትለዋን ቃል እንተዋት። እናቴ ባለፈው ረቡዕ ገበያ ወጥታ ነበር። አሁን አብሬያት እሄዳለሁ፤ ከኋላዋ ራቅ ብዬ፣ እንዳታፍር። ጎመኑን ገለባበጠች፤ ተከራከረች፤ ገበሬውም እንደ ልማዱ ቀነሰላት። ወደ ቤት ስንመለስ ድንገት ቆም ብላ ጠየቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያን የማስታወሻ ኪኒን ለምን ተውነው?»

«አይሠራም ተባለ እኮ እማዬ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እኔስ መዋጡን እየረሳሁት መስሎኝ ነበር» አለች። አውቶቡስ መቆሚያው ወንበር አጠገብ ቆመን ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን የደበቅነውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያነሣነው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በቤት ኪራዩ እንገናኛለን፤ ካልረሳሁ። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!